ስለ ሕሙማን ቆብ

ምጽዋት የሚለካው በሰጪው ድካም ነውን ወይስ በተቀባዩ ዕረፍት? ይህን ጥያቄ ያነሣብን ታላቅ ጉባኤ አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ቆብ ናት። ቆብ ስል የመነኰሳቱን ማለቴ አይደለም።

በአጥቢያችን የምትኖር አንዲት ሴት በነቀርሳ ደዌ ተይዛ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እየተመላለሰች ኬሞቴራፒ የተባለውን መድኃኒት ጀመረች። ይህ መድኃኒት ፈጥነው የሚባዙ ሕዋሳትን የሚያጠፋ ስለ ሆነ፥ ደዌውን ሲያሳድድ ጤነኛውን የጠጉር ሥርም ያገኘዋል፤ ስለዚህ የብዙዎች ሕሙማን፥ የሁሉም ባይሆን፥ ሕክምናው በተጀመረ በሁለትና በሦስት ሳምንት ጠጉራቸው መርገፍ ይጀምራል። በአገራችን ራስን መላጨት የኀዘን ምልክት ሆኖ ኖሮአልና፥ ያዩአት ሁሉ «ማን ሞተብሽ?» ይሏት ጀመር። እርስዋም ስለ ገዛ ሕይወትዋ እየታገለች፥ ላልደረሰባት ኀዘን ምላሽ መስጠት ግድ ሆነባት።

የጽዋ ማኅበርዋ እኅቶች ይህን ሰምተው ዝም አላሉም። ከሱፍ ክር በኪሮሽ ቆብ ሠሩላት፤ ለጌጥ ዶቃ ጨመሩበት፤ እንዲጠነክርም ከውስጥ ደራርበው ሰፉት። ድካማቸው እውነተኛ ነበረ። እርስዋም እጅ ነሥታ ተቀበለች፥ ሊጠይቋት በመጡ ቍጥርም ታደርገው ነበር። ከደጃፍ እንደ ወጡ ግን ታወልቀዋለች፤ ጠጉር የተለየው ራስ እንደ ሕፃን ገላ ስስ ሆኖባት፥ ሱፉ ያሳክካታል፥ ስፌቱም ስትጋደም ይቈረቍራታል። ይህን የነገረችኝ እየሣቀች ነው፤ እንድጽፈውም ፈቅዳለች።

እንግዲህ መጽዋቹ ማን ነበረ? እኛ ቆብ ሰጠናት፤ እርስዋ ግን ደስታችን እንዳይጐድል ማሳከኩን ታግሣ እኛን መጸወተችን። «የሚታየው ልብ ነው» የሚል ይኖራል። የሰጪውን ልብ እግዚአብሔር እንደሚያይ እናምናለን፤ ነገር ግን የልባችን መልካምነት የእርስዋን ራስ ከመቈርቈር አላዳነውም። ደግሞ «በደዌ ላለ ሰው ስለ ጠጉር ማሰብ ከንቱ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። የራሳችን ጠጉር ስንኳ የተቈጠረ መሆኑን ከወንጌል ተምረን ሳለ፥ የረገፈውን ንቆ ማለፍን ከማን ተማርነው?

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 9 የተነገረላት ጣቢታ በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ፥ መበለታቱ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ትሠራው የነበረውን ልብስ ነው። ልብሱ በልካቸው ባይሆን ኖሮ እንዲያ የሚያለቅሱ አይመስለኝም፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ሁለተኛውን ቆብ ሊሠሩ ባሰቡ ጊዜ እኅቶች አስቀድመው ጠየቋት። ከለስላሳ የጥጥ ክር፥ ያለ ስፌትና ያለ ጌጥ፥ ዙሪያውን እየዞረ ተሠራ፤ ጆሮዋን ሸፍኖ እስከ ማጅራትዋ የሚወርድ፥ በሌሊትም ብርድ እንዳይገባት ለመኝታ የሚመች ነበረ። ከመስጠታቸው በፊት አጥበው እያንዳንዳቸው በጕንጫቸው አሻሹት። ሕክምናው አብቅቶ ከወራት በኋላ ጠጉርዋ ተመልሶ ሲበቅል፥ ያንን ቆብ አጥባ ከእርስዋ በኋላ መድኃኒቱን ለጀመረች ሴት ላከችላት፤ አስቀድማም የራስዋን ልክ አስጠየቀች። የሱፉን ቆብ ግን ለማንም አልሰጠችም፤ እስከ ዛሬ በሣጥንዋ አለ።