ከወልወል የውሃ ጉድጓዶች በስተጀርባ

ሰው ለምን ይዋጋል? ይህን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ሳያስብበት ይመልስልኛል። አንዱ "ስግብግብነት ነዋ!" ይላል፤ ሌላው ከቃየልና ከአቤል ጀምሮ "ተፈጥሯችን ነው" ብሎ ይዘጋዋል። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ መልስ ያጠራጥረኛል።

ተፈጥሮን ላስቀድም። በሰሜን ሱዳን፣ ዓባይ ዳር፣ ጀበል ሰሃባ በሚባል ስፍራ 13 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ መቃብር ተገኝቷል። ከተቀበሩት 60 ያህል ሰዎች የብዙዎቹ አጥንት የመወጋት ምልክት አለበት፤ ሴቶችም ልጆችም አልተረፉም። አጥንቶቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደገና ሲመረመሩ ደግሞ የዳኑ ቁስሎች ታዩ። ያው ሰው ተወግቶ ድኖ፣ ኖሮ ኖሮ፣ እንደገና ተወግቷል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ለጥቂት ጊዜ እጄን ሰጥቼ ነበር፤ መንግሥትም ድንበርም ባንዲራም ሳይኖር እንዲህ ከተጫረስን፣ ደማችን ውስጥ ነው ከማለት በቀር ምን ይባላል?

ነገር ግን ተፈጥሮ ሁልጊዜ አለ፤ ጦርነት ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። ስዊድናውያን በ17ኛው መቶ ዘመን የጀርመንን ምድር ያተራመሱ ጦረኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1814 ወዲህ ግን ከማንም ጋር ጦርነት አልከፈቱም። በመካከል ተፈጥሯቸው ተለወጠ? ሁልጊዜ ያለ ነገር፣ አንዳንዴ ብቻ ለሚሆን ነገር ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ተፈጥሮን ትቼ ወደ አንድ የተወሰነ ቀን ልሂድ።

ቀኑ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ወልወል፣ ኦጋዴን። ደረቅ ምድር ላይ የተቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶች ናቸው፤ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውን የሚያጠጡባቸው። ኢትዮጵያና ጣልያን በ1900 ዓ.ም. በተዋዋሉት መሠረት ቦታው ከድንበሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ኢትዮጵያ ገባ ያለ ነው፤ ጣልያኖች ግን ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀድመው ሰፍረውበት ነበር። በኅዳር ወር የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሽን አጃቢ ጦሩን ይዞ ደረሰ። የጣልያን አውሮፕላን ከላይ ሲያንዣብብ የእንግሊዙ መሪ ኮሎኔል ክሊፎርድ ኮሚሽኑን ይዞ ወደ ኋላ አለ፤ የኢትዮጵያ አጃቢዎች ግን እዚያው ቀሩ። ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት ተፋጠው ሰነበቱና አንድ ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተከፈተ። ማን እንደ ጀመረ እስከ ዛሬ አልለየም። ከኢትዮጵያ በኩል ከመቶ በላይ ሰው ወደቀ። ከአሥር ወር በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣልያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ።

የዚያ ሁሉ እልቂት ምክንያት የውሃ ጉድጓድ ነው የሚል የለም። ዴ ቦኖ፣ መረብን ያሻገረው ጄኔራል፣ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ከሙሶሊኒ ጋር የተመካከሩት እ.ኤ.አ. በ1933 እንደሆነ፣ ጉዳዩም ከ1936 ሳያልፍ እንዲያልቅ እንደተወሰነ ሳያፍር ተርኮታል። ወልወል ላይ ጥይት ሳይተኮስ በፊት! የአገራችን ሰው ለዚህ በአህያ አፍ የተነገረ አባባል አለው፤ "አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።" እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ጅቡ ከነጉልበቱ ለምን ማመካኘት ያስፈልገዋል? የሚያመካኘው ለአህያዋ አይመስለኝም። ለሚልከው ወታደር፣ ለወታደሩ እናት፣ ጄኔቫ ለተቀመጠው የመንግሥታት ማኅበር ነው። ሰው የሚዘምተው ተበደልኩ ሲል እንጂ ልበድል ሲል አይደለም። ሰበብ ውሸት ቢሆንም እንኳ ሥራ አለው።

ስግብግብነትስ? ጣልያን ገበሬዎቿን የምታሰፍርበት መሬት መፈለጓ እውነት ነው። ግን መሬቱ ትናንትም ነበረ። የዓድዋ ቂምስ? ቂሙም ዓርባ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ በመካከሉ ሁለቱ አገሮች በ1920 ዓ.ም. የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራርመዋል። ምኞቱም ቂሙም ነበሩ፣ ጦርነት ግን አልነበረም። እንግዲህ የምፈልገው "ለምን?" ብቻ ሳይሆን "ለምን አሁን?" የሚለውን ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከራሱ ከሙሶሊኒ ነው። ከወልወል በኋላ ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በምስጢር ባወጣው መመሪያ ኢትዮጵያን ጨርሶ ለመያዝ ማቀዱን ይገልጽና ጊዜው በእኛ ላይ እየሠራ ነው ይላል። የቤልጂግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ያሠለጥናሉ፣ ስዊድናውያን ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት እያቋቋሙ ነው። ይህች አገር አሥር ዓመት ከተሰጣት አትነካም። ቱሲዲደስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ስለ አቴናና ስለ ስፓርታ ጦርነት ያለው ይኸው ነው፤ ሰዎች ብዙ ሰበብ ይደረድራሉ፣ እውነተኛው ምክንያት ግን የአቴና እያደገች መሄድ በስፓርታ ላይ የጣለው ፍርሃት ነው።

ፍርሃት! ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል አንድ ነገር አስቆመኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነት እንዳይጫር ብለው ጦራቸው ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲል አዘዋል። ፍርሃት ምክንያት ከሆነ ይህ ሊያበርደው አይገባም ነበር? አላበረደውም። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ሮም የፈራችው ድንበር ላይ የቆመውን ገበሬ አይደለም፣ ገና ከሆለታ ያልተመረቀውን መኮንን ነው። ያልተወለደን ጦር በ30 ኪሎ ሜትር ማራቅ አይቻልም። ባድመንም ሳስብ ተመሳሳይ ነገር አያለሁ። በ1990 ዓ.ም. አንድ ላይ ታግለው ያሸነፉ የኢትዮጵያና የኤርትራ መንግሥታት በአንዲት ትንሽ ከተማ ተፋጁ፤ የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ከተማዋን ለኤርትራ ሲፈርድ ግን ሰላም አልመጣም። ሁለቱም የፈሩት ከተማዋን ማጣትን ሳይሆን፣ ዛሬ ከለቀቅን ነገ ምን እንጠየቃለን የሚለውን ይመስለኛል።

የፈራችው ደግሞ ሮም ብቻ አልነበረችም። መመሪያው በወጣ በስምንተኛው ቀን፣ እኛ ገናን ስናከብር፣ የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ሮም ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ውል ይፈራረም ነበር። ፓሪስ ሂትለርን ፈርታለች፣ ሙሶሊኒን ከጎኗ ማቆየት ትፈልጋለች። ለንደንም እንዲሁ። ወልወልን የመረመሩት ዳኞች በነሐሴ መጨረሻ ሁለቱም ወገን አያስጠይቀውም ብለው ፈረዱ። አንድ ጦርነት ይመጣል ብለው የፈሩ መንግሥታት ለሌላው በር ከፈቱ፤ የፈሩት ግን አልቀረላቸውም።

መንግሥታቱን በዚህ መንገድ የተረዳኋቸው ይመስለኛል። ያልተረዳሁት ዱባት የሚባሉትን ነው። ወልወል ላይ በጣልያን በኩል የተዋጉትና የሞቱት በአብዛኛው እነዚህ የሶማሌ ወታደሮች ናቸው። ሆለታ የት እንዳለ የሚያውቅ በመካከላቸው ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ስለ ሂትለር ማንም አልነገራቸውም፤ ዓድዋም ቂማቸው አልነበረም። ደመወዝ ነው ልበል? ደመወዝ ሰውን ካምፕ ያስገባዋል፤ ጥይት ሲዘንብ ግን ለምን አይሮጥም? ስለ ሮም የሰበሰብኩት ምክንያት ሁሉ ለእነሱ አንድም አይሠራም።