የጥንቱ «እኔ»

የዛሬ ፋርስኛ ተናጋሪ «እኔ» ለማለት «መን» ይላል፤ ሂንዲ ተናጋሪው «ሜን» ይልና መጨረሻውን ወደ አፍንጫው ይስበዋል። ሁለቱም ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት ይነገር ከነበረው ከኢንዶ-ኢራናውያን ቀደምት ቋንቋ የወረዱ ናቸው። ታዲያ የአባትየው «እኔ» በ«ም» ይጀምር ነበር ብል ምን ይከለክለኛል? ሁለት ምስክር ተስማምቷል።

የጥንቶቹ ቃላት ይከለክሉኛል። በጥንታዊው የሳንስክሪት መዝሙር በሪግቬዳ «አሃም»፣ በጥንታዊው የኢራን ቅዱስ መጽሐፍ በአቬስታ «አዘም» ነው፤ የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ገደማ ቢሶቱን ገደል ላይ ያስቀረጸው የጥንት ፋርስኛ ጽሑፍም «አደም» ይላል። «ም» ከፊት የለም። ከየት መጣ?

ኩርማንጂ ኩርድኛ መንገዱን ያሳያል። «አያለሁ» ሲሉ «ኤዝ ዲቢኒም» ይላሉ፤ «አየሁት» ሲሉ ግን «ምን ዲት»፤ ይኸኛው በመነሻው «የእኔ የታየ» እንደ ማለት ነው። ፋርስኛ «የእኔ»ን፣ ሂንዲ «በእኔ»ን ከኃላፊ ጊዜ አውጥተው በሁሉም ቦታ ተጠቀሙበት፤ የጥንቱን ጣሉት። ምስክሮቹ የተስማሙት ከአባታቸው ሰምተው ሳይሆን ለየብቻ አንድ መንገድ ሄደው ነው።

የ«ሀ»፣ የ«ዘ» እና የ«ደ» ልዩነት ብዙም አያስጨንቅም። እጅም በሳንስክሪት «ሀስታ»፣ በአቬስታ «ዘስታ»፣ በጥንት ፋርስኛ «ደስታ» ነው (ለእኛ ጆሮ የሚጥመው ሦስተኛው ነው)። ሁሉም ከአንድ «ጅ» መሰል ድምፅ ወጥተዋል።

እኔን የያዘኝ ትንፋሹ ነው፦ ያ «ጅ» ትንፋሽ ታክሎበት ይነገር ነበር ወይስ ያለ ትንፋሽ? ሳንስክሪት «ሀ» የሚያወጣው ያ «ጅ» ትንፋሽ ሲኖረው ነው። የኢራን ወገን ግን ትንፋሽ ያለውንም የሌለውንም በአንድ ጨፍልቆታልና እዚህ ላይ አይመሰክርም። የግሪክና የላቲን «ኤጎ»ም ትንፋሽ የለውም። ሳንስክሪት ብቻውን ቀረ፤ እሱም ቢሆን አጠገቡ «ለእኔ» የሚለው «ማህያም» አለ። «ሀ»ውን ከዚያ ተውሶ እንደሆነስ?

ሊቃውንቱ ትንፋሹን የሰጠው ኋላ የጠፋ የጉሮሮ ድምፅ ነው ይላሉ። ይህን «ሴት ልጅ» በሚለው ቃል ፈተንኩት። ግሪኩ «ቱጋቴር»፣ ሳንስክሪቱ «ዱሂታር» ነው፤ ያው የ«ግ» እና የ«ህ» ልዩነት። አቬስታ ግን «ዱግዳር» ይላል። «ታር» ወደ «ዳር» የተለወጠው፣ በቋንቋ ሊቁ በባርቶሎሜ ሕግ መሠረት፣ ከፊቱ ያለው «ግ» ትንፋሽ ስለነበረው ነው። እንግዲህ የጉሮሮው ድምፅ ትንፋሽ ይሰጥ የነበረው የሕንድና የኢራን ወገኖች ሳይለያዩ ነው።

ይህ የሴት ልጅን ጉዳይ ይዘጋል፤ የ«እኔ»ን በቀጥታ አይዘጋም። ቢሆንም ያው ድምፅ እዚያ ሠርቶ እዚህ ለገመ ከምል «አጅሃም» ብዬ መጻፍ ይቀለኛል። በ«አ»፣ በ«ጅ»ና በ«ም» እምላለሁ፤ በትንፋሹ ግን ብወራረድ እንጂ አልምልም።