ሥር የሌለው በላተኛ

የዘፍጥረት የመጀመሪያው ምዕራፍ የለመለመውን ሣር ለምድር አራዊትና ለሰማይ ወፎች ምግብ አድርጎ ይሰጣል። ሣር ይበላል፣ እንስሳ ይበላዋል። በጥቅምት ከወረታ ወደ ጣና የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ የሚመለከት ሰው ይህን ሥርዓት የሚጠራጠርበት ምክንያት አያገኝም፤ የፎገራ ላሞች ይግጣሉ፣ ሩዙ ለአጨዳ ይደርሳል። ነገር ግን በጣና ዙሪያ ባሉት ረግረጎች፣ ጸጥ ባለ ውኃ ውስጥ፣ ነገሩን የሚገለብጥ የሚመስል ትንሽ ዕፅ ይኖራል። ይህ ዕፅ እንስሳ ይበላል።

የዕፅዋት ተመራማሪዎች ኡትሪኩላሪያ ይሉታል። በዓለም ላይ ከ200 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት። በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ዓይነት እውነተኛ ሥር የለውም፤ ቀጫጭን ክር የመሰለ አካሉ ከውኃው በታች ይዘረጋል፣ አበባው ብቻ በዘንግ ላይ ሆኖ ብቅ ይላል። በክሮቹ ላይ ብዙዎቹ ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ የማይሞሉ ከረጢቶች ተሰክተዋል። እያንዳንዱ ከረጢት ውስጡ ያለውን ውኃ ወደ ውጭ ያስወጣና ግድግዳው ወደ ውስጥ ተስቦ ይቀመጣል። የውኃ ቁንጫ ወይም የትንኝ እጭ በደጁ ያሉትን ፀጉሮች ሲነካ መዝጊያው ይከፈታል፤ ውኃው ነፍሳቱን ይዞ ይገባል፣ መዝጊያውም ይመለሳል። ነፍሳቱ ተስበው የሚገቡት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1875 (እ.ኤ.አ.) ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ነፍሳቱ መዝጊያውን በራሳቸው ገፍተው የሚገቡ መስሎት ነበር። ዕፁ ራሱ ስቦ እንደሚያስገባቸው የታወቀው ከእሱ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ዕፅ እንስሳን ሲበላ የፍጥረት ሥርዓት ፈርሷል ወይስ እኛ ሥርዓቱን ያሰመርንበት ቦታ የተሳሳተ ነው? ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኔየስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነፍሳት ስለሚይዝ የአሜሪካ ዕፅ ሲነገረው፣ ለምግብ ነው የሚለውን አልተቀበለም። እኔ ግን መልሱ እዚያው ፎገራ ማሳ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ማንኛውም ዕፅ ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ያለሱ ቅጠል አይሠራም። ገበሬው ለሩዙ ዩሪያ ይበትንለታል፣ ወይም ፍግ ያፈስለታል። ከሩዝ ቀጥሎ በቀረው እርጥበት የሚዘራው ጓያ ደግሞ በሥሩ ላይ ባክቴሪያ አስጠግቶ ናይትሮጅኑን ከአየር ያገኛል። ኡትሪኩላሪያ ሁለቱንም መንገዶች አያውቅም። የፎገራ አፈር የርብና የጉማራ ወንዞች ያመጡት ለም ደለል ነው፣ ዕፁ ግን አፈሩን የሚነካበት ሥር የለውም። በሀብታም ሜዳ ላይ እየኖረ ድኻ ነው፤ ሀብቱ በዙሪያው አለ እንጂ አይደርስበትም። ስለዚህ ከነፍሳት ይወስዳል። እንጀራውን እንደ ማንኛውም ዕፅ ከፀሐይ ይጋግራል፤ ነፍሳቱ ወጡ ናቸው፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚያገኝባቸው።

ታዲያ ከሩዙ በምን ተለየ? ፍግ ከላም የወጣ ነው፤ በማሳው ላይ የሞተ ትልም፣ የበሰበሰ ዓሣም ወደ ሩዙ ሥር ይገባል። ሩዝም እንስሳ ይበላል ማለት ነው፤ ሞቱንና ብስባሹን ሌላው ፈጽሞለት ነው እንጂ። ኡትሪኩላሪያ መበስበሱን በራሱ ከረጢት ውስጥ፣ በራሱ ኢንዛይምና አብረውት በሚኖሩ ጥቃቅን ፍጡራን ያስፈጽማል። በእኔ ፍርድ ልዩነቱ የቦታ ነው፣ የባሕርይ አይደለም።

«ይገድላል እኮ፣ ሩዝ ግን አይገድልም» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ከባድ ነው፣ በቀላሉም አላልፈውም። ከረጢቱ ግን ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜም ይከፈታል፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አልጌ ነው። የሚመርጥ የለም፣ የሚያሳድድ የለም። አደን ሐሳብን የሚጠይቅ ከሆነ ኡትሪኩላሪያ አዳኝ አይደለም። መብላት ግን ሐሳብ አይጠይቅም፤ የሌላውን አካል ፈጭቶ የራስ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ይበላል፣ አያድንም። ሥርዓቱም አልፈረሰም፤ በበላተኛና በተበይ መካከል ያለው መስመር እንደምናስበው በዕፅና በእንስሳ መካከል አይሄድም፣ በእያንዳንዱ ፍጡር ውስጥ ያልፋል እንጂ።

ይህን የምጽፈው ለክርክሩ ብቻ አይደለም። በርብና በጉማራ መካከል ያሉት የሸሸርና የወለላ ረግረጎች በእርሻ መስፋፋትና በውኃ መሳቢያ ሞተር እየጠበቡ ነው። እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከታየ ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ እንደ እምቦጭና አልጌ ያሉትን ፈጣኖች ይመግባል፣ እነሱም ከሥራቸው ያለውን ዕፅ ብርሃን ይከለክሉታል። ድህነትን ለመቋቋም የተሠራው ኡትሪኩላሪያ ማዳበሪያ በበዛበት ውኃ ይሸነፋል። የጣና ሐይቅ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ የወፎቹ ነገር ብዙ ተነግሯል፤ ይገባቸዋልም። በወረታ ሩዝ የምታጠኑ፣ በባሕር ዳር ሥነ ሕይወት የምታስተምሩ ግን የረግረጉን መዝገብ ከውኃው በታች ጀምሩት፤ የማሳው ውኃ ወደ ሸሸርና ወለላ ከመድረሱ በፊትም ማዳበሪያውን የሚያስቀር የሣር ዳርቻ ይተው።