ሚዛኑን ጠይቂው

ልጄ፣ ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ እናትሽ አገኘችኝና፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ይምከሩልኝ፤ ስልኳ ላይ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ስታይ ነው የምታድረው» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሰጋሁልሽ። ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ አውቃለሁ። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ማመልከቻሽን የምታስገቢበት ዩካስ የሚሰጥሽ አምስት ምርጫ ብቻ ነው። ያን አምስቱን ስንት ጊዜ ቀያየርሽው? ሰኞ የገባው ሐሙስ ይወጣል። አዲስ ሠንጠረዥ ባየሽ ቁጥር ልብሽ ይዋልላል። እንዲህ ያለው ነገር ልማድ ይሆናል፣ ልጄ። የሰው ሚዛን እያየ የሚወስን ሰው ነገም የሰው ሚዛን ይፈልጋል።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ በብሪታንያ አንደኛው ማን ነው? የታይምስና የሰንደይ ታይምስ መመሪያ በ2025 እትሙ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስን አንደኛ አለ። የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ሁለተኛ ሆነ፤ ኦክስፎርድ ሦስተኛ፣ ካምብሪጅ አራተኛ። የጋርዲያን ጋዜጣ የ2025 ሠንጠረዥ ግን ኦክስፎርድን አንደኛ አደረገ። ኮምፕሊት ዩኒቨርሲቲ ጋይድ ደግሞ ካምብሪጅን። የአንድ ዓመት ሦስት ሠንጠረዥ፣ ሦስት አንደኛ። አንዳቸውም አልዋሹም።

እንዴት እንደሚሆን እናትሽን ጠይቂያት። ሦስት ሴቶች ጤፍ ሊሸምቱ ገበያ ይወጣሉ። አንዷ ንጣቱን ታያለች። አንዷ መዳፏ ላይ አድርጋ እፍ ትላለች፤ ገለባና አሸዋ እንዳይኖርበት። ሦስተኛዋ ውሃ ያነሳል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሦስቱም ምርጡን ገዛሁ ብለው ይገባሉ፤ ጤፋቸው ግን ለየቅል ነው።

ሠንጠረዦቹም እንዲሁ ናቸው። ጋርዲያን ምርምርን አይቆጥርም። የሚያየው ተማሪው በትምህርቱ መርካቱን፣ ለአንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚቀጥል፣ ሲመረቅ ምን ሥራ እንደሚይዝ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ምርምርንም ይጨምራሉ። የዓለሙን ደረጃ የሚያወጣው ኪው ኤስ ደግሞ የምሁራንን አስተያየት አብዝቶ ይመዝናል። በ2025 ደረጃው ኢምፔሪያል ኮሌጅን ከዓለም ሁለተኛ አድርጎ ከኦክስፎርድም ከካምብሪጅም አስቀደመው። በአገሩ አንደኛ የተባለው ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ እዚያ 50ኛ ነበር።

ተማሪዎች የሚሞሉት የእርካታ መጠይቅም የራሱ ታሪክ አለው። በ2017 የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች አንሞላም ብለው አመፁ፤ የሞላው ሰው አነሰና የሁለቱ ውጤት ሳይታተም ቀረ። ቁጥር ከሰማይ አይወርድም፣ ልጄ። ሰው ሞልቶት፣ ሰው ደምሮት ነው። ከሠንጠረዡ መካከል ስትደርሺ ደግሞ ነጥባቸው እጅግ የተቀራረበ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነጥብ አንዱን ዩኒቨርሲቲ ብዙ ደረጃ ያወርደዋል። ትምህርቱ ግን የአምናው ነው፤ መምህሩም የአምናው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የምትፈልጊው ሲቪል ምሕንድስና አይደለም? እናትሽ ከአምስቱ ሁለቱን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስና ሴንት አንድሩስ! ለምን ብላ ብትጠይቅሽ «አንደኛና ሁለተኛ ስለሆኑ» አልሻት። ልጄ፣ የመጀመሪያው የማኅበራዊ ሳይንስ ቤት ነው፤ ምሕንድስና አያስተምርም። ሴንት አንድሩስም የምሕንድስና ዲግሪ የለውም። ከ1413 ጀምሮ የቆየ የተከበረ ቤት ነው፤ ግን በ1967 የደንዲው ኮሌጁ ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ምሕንድስናውም አብሮ ሄደ። የሠንጠረዡ አንደኛና ሁለተኛ ለአንቺ ባዶ ቤት ናቸው። ይህን ሳታዪ ሌሊቱን ማንጋትሽ ነው ያሳዘነኝ። አንቺ እኮ ከዚህ የተሻለ የምታስቢ ልጅ ነሽ።

ኦክስፎርድና ካምብሪጅም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚያስተምሩት አጠቃላይ ምሕንድስና ነው፤ ሲቪል ወይም ሌላ የምትዪው ከዚያ በኋላ ነው። ኢምፔሪያል ግን ገና ስትገቢ ሲቪል ይልሻል። የቱ ይሻላል? ይህን የሚያውቀው ሠንጠረዡ አይደለም። ገና ቁርጥሽን ካላወቅሽ የፊተኛው፣ ካወቅሽ የኋለኛው ይመስለኛል።

የእህቴ ልጅ ነገር ዛሬም ይከነክነኛል። የሚወደውን ኮርስ የሚያስተምር ደህና ቦታ ተቀብሎት ነበር። እኔ ነኝ «ስሙ ከፍ ያለው ይሻላል» ያልኩት። ሰማኝ። የማይወደውን ኮርስ ይዞ ስሙ የከበረ ቦታ ገባ። በሁለተኛው ዓመት አቋርጦ ወጣ። ዕዳው ግን አብሮት አለ። በእኔ ምክር ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ስመክር ቀስ እላለሁ።

ሠዓሊውን የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ደግሞ ታውቂያለሽ። በ1947 በፈረንጅ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ልቡ ሥዕል ላይ ሆነ። ትምህርቱን ቀየረ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን አካል በሆነው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም በኋላ ተማረ። መጀመሪያ የለየው የሚማረውን ነው፤ ስሌድ ከዚያ በኋላ መጣ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሠንጠረዥ ካየሽም የአጠቃላዩን ትተሽ የሲቪል ምሕንድስናውን ለብቻው እዪ። ከዚያ የየዩኒቨርሲቲውን የኮርስ ዝርዝር አንብቢ፤ በየዓመቱ የሚሰጠውን፣ ሥራ ላይ የሚያሳልፉት ዓመት ይኑር አይኑር። የለንደንን የቤት ኪራይ ከሰሜኑ ጋር አስተያዪ። ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ ግን በአንድ ዓመት ለሁለቱም ማመልከት አይፈቀድም። የእነሱ ማመልከቻ በኦክቶበር 15፣ ማለትም በጥቅምት 5 ይዘጋል፤ የሌሎቹ ጥር ድረስ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት ነይ። እናትሽንም ይዘሻት ነይ፤ ቡና አፈላለሁ። የኮርሶቹን ዝርዝር በወረቀት አትመሽ አምጪልኝ፤ ዓይኔ ስልክ ላይ አያነብም።