የተደበቀች ቤት የማን ናት?

አንድ ጓደኛ አለኝ። ጥሩ ነገር ሲያገኝ ስሙንም አድራሻውንም አይናገርም፤ «ኑ፣ አንድ ቤት ላሳያችሁ» ብቻ ነው የሚለው። ከታክሲ እንወርዳለን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ እንታጠፋለን፣ የቆርቆሮ በር ገፍተን እንገባለን። ውስጥ ስድስት ዱካ፣ አንድ ምድጃ፣ አንዲት ሴት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስንጎርስ እሱ አይበላም፤ ፊታችንን ያያል። «እንዴት ነው?» ይላል። እውነቱን ለመናገር የሚጠብቀው ምስጋና ለምግቡ አይደለም፣ ለእሱ ነው። ያገኘው እሱ ነዋ!

አዲስ አበባ እንዲህ ላለው ሰው የተሠራች ከተማ ትመስለኛለች። ጥሩ ነገሯን ፊት ለፊት አታስቀምጥም። በየዓመት በዓሉ መዳረሻ ኤግዚቢሽን ማዕከል የሚደረገውን ባዛር ሁሉም ያውቀዋል፤ በሬዲዮ ይነገራል። ቶሞካንም የማያውቅ የለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ሲቆላ የኖረ ቤት ነው። ድንቹና ቃሪያው ልክ የሆነውን ዕርጥብ የሚሸጠው ልጅ ግን ማስታወቂያ የለውም። በኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ውስጥ ሸሚዝ እንደ ልብስ ሳይሆን እንደ ሰውነት አድርጎ የሚሰፋው ልብስ ሰፊም የለውም። ከደረጃ ሥር ጀበናዋን የጣደችው ልጅ፣ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ግጥም የሚያነቡት ወጣቶች፣ ሁሉም የሚገኙት በሰው በሰው ነው። ወይም በሰው በሰው ነበር የሚገኙት። አሁን ማግኘት ራሱ ሥራ ሆኗል። ስልካችንን ስንከፍት «ይህን ቤት ሳታውቁ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ እንዳትሉ» የሚል ድምፅ ይቀበለናል።

ጥያቄዬ ትንሽ ይመስላል። ጥሩ ቤት ያገኘ ሰው ለሌላው መናገር አለበት ወይስ ዝም ማለት? የምጽፈው በሁለቱም መንገድ አጥፍቼ ስለማውቅ ነው።

መጀመሪያ የተናገርኩበትን ልንገራችሁ። አራት ኪሎ ጀርባ አንዲት ቁርስ ቤት ነበረች። ሰው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላት፤ ስሟን ጠይቆ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ፉልና ጨጨብሳ ትሠራለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሌሊቱን ያደሩ የጥበቃ ሠራተኞች ይመጣሉ፤ ቀድመው ይስተናገዳሉ፣ ምክንያቱም መተኛት አለባቸው። ከእነሱ በኋላ የታክሲ ረዳቶችና ሊስትሮዎች። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ የመጨረሻዋ ዳቦ የእሳቸው ናት፣ ቢዘገዩም ትቀመጣለች። ግድግዳው ላይ በሲባጎ የታሰረ የዱቤ ደብተር ተሰቅሏል። ቤቱ ሲሞላ የጨረሰ ይነሳል፤ «ቦታ ልቀቁ» የሚል ሰው አልሰማሁም።

እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ያየሁት ግን ፉሉን ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ በ40 ሰከንድ ቪዲዮ ቀረጽኩት። ቅቤው ሲፈስ፣ እንፋሎቱ ሲነሳ፣ ዋጋው፣ መታጠፊያው። በሚቀጥለው ሳምንት መኪና መንገዱን ዘጋ። ሰልፍ ተሠራ። መጀመሪያ በኩራት ሞቅ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። በሁለት ወር ውስጥ ፉሉ ዋጋ ጨመረ፣ ደብተሩ ከግድግዳው ወረደ፣ በቦታው «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አከራይዋም ወሬው ደርሶት ኪራይ ጨመረባት። አንድ ቀን ከድሮዎቹ ጥበቃዎች አንዱን መንገድ ላይ አገኘሁትና ለምን እንደጠፋ ጠየቅሁት። ምንም አልተቆጣም። «እኛ እኮ እዚያ መብላት ትተናል» አለኝ። «ወረፋው እንቅልፍ ለጠገበ ሰው ነው።»

ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ይላል። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ላም ቢጨምር ትርፉ የራሱ፣ ጉዳቱ ግን የሁሉም ስለሆነ፣ ሁሉም ይጨምራል፤ ሣሩ ያልቃል። ይህን ሳነብ ራሴን አገኘሁት። አንድ ላም ሳይሆን መንጋ ነድቼ ያስገባሁ እረኛ! ትምህርቱም ግልጽ መሰለኝ፦ ሣር ያየህበትን ለማንም አትናገር።

ግን ይህ ግማሽ እውነት ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው፣ ዕድሜዋን ያሳለፈችው የሃርዲን ግጦሽ በገሃዱ ዓለም ብዙ ጊዜ እንደዚያ እንዳልሆነ በማሳየት ነው። የጋራ ነገር ያላቸው ሰዎች ሕግ ያወጣሉ፣ ይጠባበቃሉ፣ ይቀጣጣሉ። እኛም ሩቅ መሄድ የለብንም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሮ ነበር። ሣሩ እስኪደርስ ይዘጋ ነበር፤ ሲደርስ በተወሰነ ጊዜ ይከፈት ነበር፤ ያለጊዜው የገባ ይቀጣ ነበር። ሣሩን የጠበቀው ምስጢርነቱ አልነበረም፤ ጓሳ የት እንዳለ የማያውቅ መንዜ የለም። የጠበቀው ሕጉ ነው።

የእትዬ ቤትም ሕግ ነበራት። ያልተጻፈ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው። ያደረ ይቅደም፣ የጨረሰ ይነሳ፣ የመምህሩ ዳቦ አይነካ። የእኔ ጥፋት ሰው ማብዛቴ ብቻ አልነበረም። በ40 ሰከንድ ውስጥ አድራሻውንና ዋጋውን ተናግሬ ሕጉን ሳልናገር መቅረቴ ነው። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ የሚያስተናግድ ቤት አይተው መጡ፣ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ሲባል ያደጉ ናቸው። እዚያ ቤት ግን ንጉሥ አልነበረም፤ ተራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተማርኩ ብዬ ዝም ማለት ጀመርኩ። ሁለተኛው ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ሽሮ ሜዳ ከዋናው የሱቆች ረድፍ ወደ ላይ ወጣ ብሎ አንድ ሸማኔ ነበሩ፣ ከጋሞ የመጡ አዛውንት። ጥለታቸውን ያየ ሰው ሌላ አይፈልግም። የቀለሙ ረጋ ማለት፣ የድሩና የማጉ እኩል መሆን፣ ጀርባውን ገልብጠህ ብታየው እንደ ፊቱ ንጹሕ መሆኑ! ለእናቴ ነጠላ አሠራሁ፣ ለእህቴ ሠርግ ቀሚስ አሠራሁ። «ከየት ነው?» ሲሉኝ ፈገግ እል ነበር። የእትዬ ነገር እንዳይደገም ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ። ለዝምታዬ «ጥበቃ» የሚል ስም አወጣሁለት። ነገር ግን ያ «ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ቢያውቃቸው ኖሮ ማን ይጠይቀኛል?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለበዓል ስሄድ ጉድጓዱ ባዶ ነው። አዛውንቱ በር ላይ ተቀምጠዋል፣ መሣሪያው ተፈትቶ ጥግ ተደግፏል። ጥለቱ በማሽን የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ገበያውን እንደያዘው፣ ትዕዛዝ እንደጠፋ፣ ልጃቸው ሙያውን ትቶ ሌላ ሥራ እንደገባ ነገሩኝ። እኔም ቆጨኝና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰው እንዳያጨናንቅዎት ብዬ ነው ለማንም ያልተናገርኩት» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ልጄ፣ ማን ጨናነቀኝ አለህ?» አሉ።

እኛ ዘንድ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል። ተረቱ ያልነገረን አንድ ነገር አለ፦ አንዳንዴ ብቻውን የበላው ይቀርና ያበሰለው ይሞታል።

ይህ ነገር ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ከሱቅ ወሬ በላይ ሆኖብኛል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲከተል፣ ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው ካርታ ተቀደደ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ ከነበረበት ተነሳ። ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ነበር፤ መላኩ በላይ በጉርሻ የሚጨፍር ወጣት ሆኖ ጀምሮ፣ ኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ የሙዚቃና የሥዕል ማዕከል ያደረገው። መታወቁ ግቢውን አላዳነውም። ቢሆንም ሲነሳ «የት ሄደ?» የሚል ሰው ነበረው። በዚያው ሰፈር ስንት ሽሮ ቤት፣ ስንት የጀበና ቡና፣ ስንት ጮርናቄ ጠባሽ ተነሳ? እነሱን ማን ይፈልጋቸው? የሚያውቋቸው ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፤ ጎረቤቶቹም አብረው ተበተኑ። ምስጢር የነበረ ቤት ሲጠፋ መጥፋቱም ምስጢር ይሆናል።

ታዲያ እንናገር ወይስ ዝም እንበል? ብዙ ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ ጥያቄው ራሱ ጠማማ እንደነበር ገባኝ። ስናገርም ዝም ስልም ያደረግሁት አንድ ነገር ነው፤ ብቻዬን ወሰንኩ። «አገኘሁት» የሚለው ቃል አታለለኝ። መንገድ ላይ የወደቀ ገንዘብ ያገኘ ሰው እንኳ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ባለቤቷ ከንጋት ጀምሮ ምድጃ ላይ ቆማ፣ ደንበኞቿ ዙሪያዋን ተቀምጠው እያየሁ የወደቀ ዕቃ ያነሳሁ መሰለኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ስለ ቤቷ ለመወሰን ትንሹ መብት የነበረው ሰው እኔ ነበርኩ፤ የመጨረሻው ገቢ።

«ባለቤቷ ግን ሁልጊዜ ‹ተናገር› ነው የምትለው፣ ገበያ የሚጠላ ነጋዴ አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ብዙዎቹ እንዲያ ይላሉ፤ መብታቸውም ነው። የእኔ ትዝታ እንዳይበላሽ ሲባል አንዲት ሴት ስድስት ዱካ ይዛ ድሃ ሆና ትቅር ማለት አልችልም። የቤት ውበት ብለን የምንወደው ነገር አንዳንዴ የሰው እጦት ነው። ከባዱ ነገር ደንበኞቹ ናቸው። ጥበቃው የቤቷ ባለቤት አይደለም፣ ውል የለውም፤ ግን ዓመት ሙሉ በየማለዳው እየመጣ ቤቷን ቤት ያደረጋት እሱ ነው። የእሱን ድርሻ የሚያስታውስለት ማን ነው? እኔ ልሆን አልችልም። የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህም ነው ጥያቄው መጀመሪያ ለእሷ መቅረብ የነበረበት።

በመጨረሻ ጠየቅኳት፤ ዘግይቼ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ። አንድ ከሰዓት ቤቱ ጭር ሲል ገባሁና «እትዬ፣ ያን ጊዜ ጎዳሁዎት ይሆን?» አልኩ። ስኒ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ገንዘቡ ጥሩ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ» አለች። «ልጄን ያስመረቅሁበት ነው። ኪራዩ በላው እንጂ።» ትንሽ ዝም ብላ ቀጠለች፦ «ቀድመህ ብትነግረኝ ግን ‹ከሁለት ሰዓት በኋላ ኑ በላቸው› እልህ ነበር። ማለዳውን ለልጆቼ አስቀር ነበር።» ልጆቼ ያለችው ጥበቃዎቹንና ረዳቶቹን ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር። ቪዲዮው ላይ ሦስት ሰከንድ የማይወስድ። ለዚያች ሦስት ሰከንድ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነበር፣ አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ አዲስ ቤት አየሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ገና አልተፈቀደልኝም። አንዲት ወጣት ከጦስኝ ሻይ ጋር የምትሸጠው ዳቦ አለ፤ ጥቁር አዝሙዱ ከመንገድ ማዶ ይሸታል። ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ፣ ሳልከፍተው፣ «እህቴ፣ ለሰው ብናገር ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ከታች እስከ ላይ አየችኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሁለት የቀን ሠራተኞችም ማኘካቸውን አቁመው አዩኝ።

«እስኪ መጀመሪያ ተመላለስ» አለችኝ።