ከኹጥባው በኋላ ምን ሰጠን?

 

ስንቶቻችን ነን ከመስጂድ ወጥተን «በየሳምንቱ ኹጥባ እሰማለሁ፤ ግን ምንም አልተለወጥኩም» የምንለው? ዛሬ ስለ አንድ ድንጋይ እናስተንትን።

ፀሐይን ከሚዞሩት አስትሮይድ የሚባሉ ድንጋያማ አካላት አንዱ ዮርፕ ይባላል። ስፋቱ 100 ሜትር ገደማ ነው፤ በ12 ደቂቃ ያህል አንዴ በራሱ ዛቢያ ላይ ይሽከረከራል። ተመራማሪዎች ከ2001 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ከተከታተሉት በኋላ በ2007 ሽክርክሪቱ እየፈጠነ መሆኑን ይፋ አደረጉ። የሚያፈጥነው ምን መሰላችሁ? የፀሐይ ብርሃን! ሱብሓነላህ!

ድንጋዩ ብርሃኑን ተቀብሎ ይሞቃል፤ ከዚያም ሙቀቱን ወደ ሕዋ መልሶ ይለቃል። ሙቀቱ ሲወጣ ድንጋዩን በጣም በጥቂቱ ይገፋዋል። ቅርጹ ወጣ ገባ ስለሆነ ግፊቱ በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ ስለዚህ ሽክርክሪቱን ይለውጠዋል። አንዱ ዙር የሚፈጀው ጊዜ በዓመት የሚያጥረው ግን በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው! አንድ ቀን ብቻ ያየው ሰው «ምንም አልተለወጠም» ባለ ነበር።

ልብ በሉ፤ ድንጋዩ ብርሃን ተቀብሎ ዝም አላለም። የለወጠው መልሶ የሰጠው ሙቀት ነው። እኛስ ኹጥባ ሰምተን ስንወጣ ምን ሰጠን? ለእናታችን መልካም ቃል? ለተኳረፍነው ወንድማችን ሰላምታ? ለተቸገረ ጥቂት ሶደቃ?

ሌላም ትምህርት አለ። ይኸው ብርሃን እንደ ቅርጻቸው አንዱን አስትሮይድ ሲያፈጥን ሌላውን ያዘገያል። ከልክ በላይ የፈጠነው ደግሞ ከላዩ ያሉትን ድንጋዮች እስከ መበተን ሊደርስ ይችላል። «ይቺ ምን አላት?» ብለን የምንንቃት ወንጀልም እንዲሁ ናት። ሌሊት በስልክ ላይ ያመሸናት አንድ ሰዓት ዛሬ ፈጅርን ታዘገያለች፤ ከተደጋገመች ግን ፈጅርን ታስረሳለች።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ይበልጥ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። እንግዲህ ዛሬ ከሰማችሁት ኹጥባ አንዲት ትንሽ ሥራ ምረጡና ያዙ። ለውጡን በሳምንት አትለኩት፤ ብቻ አታቋርጡ።

አላህ ሰምተው ከሚሠሩት ያድርገን። አሚን!

ሱረቱል ካህፍን መቅራት፣ በነቢያችን ላይም ሶለዋት ማብዛት አንርሳ።