ዓሣን በላባ ማታለል ይገባልን?

ፍጥረትን አታልሎ መያዝ ሐሰት ይባላልን? ሐሰት ከተባለስ በደሉ በማታለሉ ነውን፣ ወይስ ከማታለሉ በኋላ በሚከተለው ነገር? ይህ ጥያቄ ለቅኔ ቤት እንጂ ለወንዝ ዳር የሚስማማ አይመስልም። ዳሩ ግን ከአስኮ ተነሥቶ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ በባሌ ተራሮች በዲንሾ አጠገብ በሚወርዱት በወይብና በደንካ ወንዞች ዳር ዘንግ ይዞ የሚቆም የከተማ ሰው ጥያቄውን በእጁ ጨብጦታል። በክሩ ጫፍ የታሰረችው ዝንብ ትመስላለች እንጂ ዝንብ አይደለችምና።

በእነዚህ ወንዞች የሚያዘው ዓሣ ትራውት ይባላል። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ የሚወድ ነው፤ ውኃው ሲሞቅ ወይም ሲበከል መኖር አይችልም። የትውልድ አገሩም ኢትዮጵያ አይደለችም። ቡናማው ትራውት በ1905 ዓ.ም. ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ደጋ ወንዞች ተወሰደ፤ በ1960ዎቹም ከኬንያ ወደ ባሌ መጣ። ባለ ቀስተ ደመና የሚባለው ወገኑም እንዲሁ ከኬንያ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ኹሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ትራውት ከሚመገባቸው ነገሮች አንዱ በውኃ ውስጥ አድገው ክንፍ አውጥተው ወደ ላይ የሚወጡ ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው። አጥማጁ በዚያ ቀን በውኃው ላይ የሚበሩት የትኞቹ እንደ ኾኑ አስቀድሞ ይመለከታል፤ ከዚያም ላባና ጠጕር በትንሽ መንጠቆ ላይ በክር ጠምጥሞ የእነርሱን መልክ ይሠራል። ላባ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው በማጥመጃው ገመድ ክብደት ነው፤ ስለዚህም ዘንጉ እንደ ጅራፍ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወዛወዛል። ሐሰተኛዪቱ ዝንብ በውኃው ላይ በቀስታ ስታርፍ ትራውቱ ከታች ወጥቶ ይጐርሳታል፤ በጐረሳትም ጊዜ ይያዛል።

ጥበቡ የትናንት አይደለም። በሮም መንግሥት ዘመን የነበረው ጸሐፊ ኤልያኖስ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጕር ጠቅልለው፣ ከአውራ ዶሮ ጕሮሮ ሥር የሚበቅሉ ኹለት ላባዎች ጨምረው ዓሣ ያጠምዱ እንደ ነበር ጽፏል። እንግሊዛዊው ይስሐቅ ዋልተን በ1653 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ዓሣ ማጥመድን የጸጥተኛ ሰው ሥራ አድርጎ አመሰገነ፤ ባለቅኔው ባይሮን ግን ኋላ ተነሥቶ ዋልተንን ጨካኝ ሲል ነቀፈው። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም።

ኤልያኖስ የእነዚያን ላባዎች ቀለም ሲገልጽ ሰም ይመስላል ይላል። ይህን ያነበበ የቅኔ ተማሪ ዝም ብሎ አያልፍም። ቅኔ በሰምና በወርቅ ይሠራልና። ሰሚው በመጀመሪያ ሰሙን ይሰማል፤ ሌላ ነገር የተነገረው ይመስለዋል። ቈይቶ ግን ከሰሙ በታች ወርቁን ሲያገኝ ይደነቃል፣ ባለቅኔውንም ይመርቃል። ባለቅኔው ሰወረ እንጂ አልሰረቀም፤ የሰወረውን መልሶ ለሰሚው ሰጠ። በሐሰተኛዪቱ ዝንብ ግን ሰሙ ላባ ሲኾን ወርቁ ብረት ነው። ትራውቱ ከሰሙ በታች የሚያገኘው ስጦታ ሳይኾን መንጠቆ ነው። እንግዲህ መሰወር በራሱ የሚያስመሰግንም የሚያስነቅፍም አይደለም፤ የሚፈረደው በተሰወረው ነገርና በተሰወረበት ምክንያት ነው።

ይህን ነገር ከአባቶች አንዱ አስቀድሞ መርምሮታል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የሥጋዌን ምሥጢር ሲያስረዳ በመንጠቆ መስሎታል፤ መለኮት በሥጋ ተሰውሮ ሳለ ዲያብሎስ ሥጋን ለመዋጥ ሲቸኵል በመለኮት ተያዘ ይላል። ጎርጎርዮስ ይህን ተናግሮ ዝም አላለም፤ ይህስ ማታለል አይደለምን ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱንም በምሳሌ ሰጠ፤ አንዱ ለመግደል፣ ሌላው ለማዳን መድኃኒት ከመብል ጋር ይቀላቅላሉ፤ ሥራቸው አንድ ይመስላል፣ ፍርዳቸው ግን እንደ ዐሳባቸው ልዩ ልዩ ነው አለ። ስለዚህ አጥማጁም የሚጠየቀው ስለ ላባው ሳይኾን ስለ ዐሳቡ ነው።

ዓሣን ለመብል ማጥመድ ነውር እንዳልኾነ ቅዱስ ወንጌል ራሱ ይመሰክራል። ጴጥሮስ ስለ ግብር ገንዘብ ወደ ባሕር ሄዶ መንጠቆ እንዲጥል ታዟል፤ ከትንሣኤም በኋላ ደቀ መዛሙርት በመረብ 153 ታላላቅ ዓሦች ስበዋል። መረብም ቢኾን ከዓሣው ዓይን የተሰወረ ነው። በጣና ላይ በታንኳ ወጥቶ መረቡን የሚዘረጋው ሰው ልጆቹን ይመግብበታል፤ ይህን ሰው አታላይ ብሎ የሚነቅፈው የለም። ሐሰት ቃል በሚሰጣጡ፣ በሚተማመኑ መካከል የሚደረግ ነው፤ ዓሣና ሰው ግን ቃል ኪዳን የላቸውም። እንግዲህ የማታለሉ ክስ በዚህ ይወድቃል።

ዳሩ ግን ሌላ ክስ ይቀራል። ከትራውት አጥማጆች ብዙዎቹ የሚይዙት ለመብላት አይደለም፤ ዓሣው ሲታገል በዘንጉ መንቀጥቀጥ ደስ ተሰኝተው፣ ከውኃ አውጥተው ተመልክተው መልሰው ይለቁታል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የሚያዘው ኹሉ ቢገደል ወንዙ ባዶ ይቀራል ይላሉ፤ ወንዝን የሚወድ ሰው ወንዝን ይጠብቃል ይላሉ፤ በውኃ ዳር ትዕግሥትንና ዝምታን ይማሩበታል።

በሌላው ወገን ደግሞ የዓሣው ነገር አለ። በ2003 ዓ.ም. ሊን ስኔደን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የባለ ቀስተ ደመናውን ትራውት ራስ መርምራ፣ የሚጐዳ ነገር ሲነካቸው የሚነቁ 22 የስሜት ተቀባዮች ማግኘቷን አስታወቀች። ዓሣ እንደ ሰው ይሠቃያልን በሚለው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ነገር ግን ክርክሩ እስኪፈጸም ድረስ ለጨዋታ ብሎ የሚያቆስል ሰው በጥርጣሬው ራሱን ይጠቅማል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዓሣው ነው። በስዊስ አገር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ለመልቀቅ ዐስቦ ማጥመድን የከለከለው ስለዚህ ነው።

ይህ ደንብ የለየው ነገር ለኅሊናም ይረዳል። ለማዕዱ ሊያጠምድ ወጥቶ ያልደረሰ ትንሽ ዓሣ ቢያገኝና ራርቶ ቢለቀው፣ ያ ሰው በእውነት ምሕረት አድርጓል። አስቀድሞ ለማቁሰልና ለመልቀቅ ቈርጦ የወጣ ግን መልቀቁ ምሕረት አይባልለትም፤ ያቆሰለ እጅ ቁስሉን ስላሰረ ብቻ ሐኪም አይባልምና። ወንዝን መውደድም ያለ መንጠቆ ይቻላል። ለቤቱ የሚበቃውን አንድ ወይም ኹለት ዓሣ ይዞ፣ ሳያሠቃይ ፈጥኖ ገድሎ፣ አመስግኖ የሚመለስ ሰው ወንዙንም አላራቈተ፣ ፍጥረትንም መጫወቻ አላደረገ።

ይህ ፍርድ በባሌ ብቻ የሚቀር አይደለም። የአስኮ ሰው ንጹሕ ውኃ ፍለጋ ይህን ያህል መንገድ የሚሄደው በቅርቡ ወንዝ ስለሌለ አይደለም። ትንሹ አቃቂ በከተማዪቱ ምዕራብ ይወርዳል፤ ነገር ግን የፋብሪካና የቈዳ መልፊያ ፍሳሽ፣ የየቤቱንም እድፍ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል። በዚሁ ውኃ በወንዙ ዳር ጐመንና ሰላጣ ይለማል፤ ተመራማሪዎችም በውኃውና በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረታ ብረት አግኝተዋል። አትክልቱ በገበያ ለምለም ኾኖ ይታያል። በዚህም ሰሙ አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ ወርቁ ግን እንደ መንጠቆው ብረት ነው። የሚጐርሰውም ዓሣ ሳይኾን ሕፃናትን የምታበላ እናት ናት።

ከኹለቱ ማታለል የትኛው ይከብዳል? አጥማጁ ቢያንስ ዘንጉን በእጁ ይዞ ይታያል፤ ፍሳሹን በሌሊት ወደ ወንዝ የሚለቅ ግን እጁ አይታይም። ስለዚህ ስለ ትራውት የሚከራከር ሰው በወይብ ዳር የሚጠይቀውን ጥያቄ በደጁ በሚወርደው ውኃ ፊትም ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይኸውም የሰወረው ነገር የሚያገኘውን ሰው ይጠቅመዋልን ወይስ ይጐዳዋል የሚለው ነው።